ከቆራሌው ጆንያ የወጣ ሸክላ



ስለ ሸክላ ንግግር ይደረጋል ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ስለ ደጉ ዘመን እንዲወራለት ነው፤ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ሱሪ፣ የአዲስ አበባ የሌሊት ክበቦች። ያንን በቦታው የነበሩ አባቶችና እናቶች እዚህ ተቀምጠዋልና ለእነሱ እተወዋለሁ። እኔ የማወራው ስለ ዕቃው ነው። አንድ ሰው ገዝቶት፣ ደጋግሞ አጫውቶት፣ ቧጭሮት፣ ስሙን ጽፎበት፣ በመጨረሻ የሸጠው ወይም ለቆራሌው የሰጠው ሸክላ እጃችን ሲገባ ለምን ደስ ይለናል? አዲስ ሸክላ ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ ይታተማል፤ ላስቲኩን ቀድዶ ማውጣት ለሚወድ ሰው መልካም ነው። የእኔ ፍቅር ከአሮጌው ጋር ነው፤ ምክንያቴም አሮጌው ሸክላ ከዘፈኑ ሌላ ብዙ የሚነበብ ነገር ስላለው ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የዚህ ሥራ ሰነዶች አብዛኞቹ በዚያው ስለሚቆጥሩ መቀያየሩ ግራ ያጋባል።

ይችን ተመልከቱ። ሰባት ኢንች ናት፣ በደቂቃ 45 ጊዜ ትዞራለች። በላይዋ የምታዩት መስመር ብዙ ክብ ይመስላል እንጂ አንድ ነው፤ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል የሚጠመዘዝ አንድ ቀጭን ቦይ። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ሸክላዋ 157 ጊዜ ያህል ትዞራለች፤ ቦዩ ተተርትሮ መሬት ላይ ቢዘረጋ ከ60 ሜትር ይበልጣል። በ33 የሚዞረው ትልቁ ሸክላ ላይ፣ አንዱ ገጽ 22 ደቂቃ ከሄደ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መርፌው ይህን ሁሉ መንገድ የሚሄደው ግራና ቀኝ እየተላተመ ነው። ስቴሪዮ ከሆነ አንደኛው የቦዩ ግድግዳ የግራውን ድምፅ፣ ሌላኛው የቀኙን ይይዛል። ሙዚቃው ያ መላተም ነው፤ ሌላ ምንም የተደበቀ ነገር የለም። በማጉያ መነጽር ካያችሁት የከበሮው ምት የቱ ጋ እንደሆነ ጭምር ልትገምቱ ትችላላችሁ።

አሁን ደግሞ መብራቱ ላይ ላጋድላት። ሸክላ ሲገዛ ፊት ለፊት አይታይም፤ እንዲህ ጋደል ተደርጎ ተይዞ ብርሃኑ በላዩ ሲንሸራተት ነው የሚታየው። እነዚህ እንደ ጸጉር የቀጠኑ ጭረቶች አያስፈሩም፤ ወደ ሽፋኑ ስትገባና ስትወጣ ወረቀቱ ያሳረፈባት ናቸው፣ አብዛኞቹ አይሰሙም። ይህ ግን በጥፍር ሲነካ ይሰማል። በጥፍር የሚሰማ ጭረት በመርፌም ይሰማል፤ ሸክላዋ በዞረች ቁጥር አንድ ጊዜ ቀጭ ይላል። እዚህ ጋ ደግሞ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ይህ ጭረት ሳይሆን ድካም ነው። የዱሮ ማጫወቻ ክንዱ ከባድ ነበር፤ የዛሬው በሁለት ግራም ገደማ ሲያርፍ የዚያኔው ብዙ እጥፍ ክብደት ይጭን ነበር። መርፌው ከደነዘ በኋላም ሳይለወጥ ከተሠራበት የቦዩን ግድግዳ እየፋቀ ይሄዳል። ግራጫው ክፍል ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ስለሚበረታ ባለቤቱ የትኛውን ቦታ ድምፁን ከፍቶ እንደሰማ የሚነግረን ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ መሐንዲስ ቢሰማኝ ይስቅብኛል።

መሐሉን እዩ። በቀዳዳው ዙሪያ፣ በተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ ሸረሪት የሄደችበት የመሰለ መስመር አለ። ሸክላውን ማጫወቻው ላይ ለማኖር ሲሞከር ዘንጉ ቀዳዳውን ስቶ የጫረው ነው። በብርሃን የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ያህል አይስትም፤ ይህ በጨለማ ወይም በችኮላ፣ ምናልባትም በጭፈራ መሐል የተደረገ ነው። አጠገቡ በእስክርቢቶ የተጻፈ ስም አለ፤ የሰውየውን ወይም የሴትየዋን ስም አልናገርም። ሰው በሸክላው ላይ ስሙን የሚጽፈው ከቤት ስለሚያወጣው ነው። ፓርቲ ሲኖር እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይሄዳል፤ ሲነጋ የማን የማን እንደሆነ መለየት አለበት። ስለዚህ ስም የሌለበት ንጹሕ ሸክላ በዋጋ ይበልጣል፣ ስም ያለበት ግን እኔ ዘንድ ይወደዳል። ነጋዴዎች ይህን ስለሚያውቁ ስም ያለበትን ሲያሳዩኝ ፊታቸው ፈገግ ይላል።

የመጨረሻው የሚነበብ ነገር ደግሞ እዚህ፣ ዘፈኑ አልቆ ወረቀቱ ሳይጀምር ባለው ለስላሳ ቀለበት ላይ ነው። በእጅ የተጫሩ ቁጥሮችና ፊደሎች ታያላችሁ። ሸክላው የታተመበትን ቅርጽ ለመለየት ፋብሪካው ውስጥ የሚጻፉ ናቸው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሸክላ ይዘው የቱ ቀድሞ እንደታተመ የሚጨቃጨቁት በእነዚህ ጭረቶች ነው። በእንግሊዝ አገር ቅርጹን ከሚያዘጋጁት ባለሙያዎች አንዱ የነበረው ጆርጅ ፔክሃም በዚህች ጠባብ ቦታ ቅጽል ስሙንና ቀልዱን እየጫረ ያልፍ ነበር፤ በእሱ እጅ ያለፈ ሸክላ መሆኑን ሰብሳቢዎች በዚያ ያውቁታል።

እዚህ ላይ አንድ አለመግባባት ላጥራ። ከሸክላ የሚወጣ ድምፅ ከሁሉም ይበልጣል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም። በዝቅተኛውና በኃይለኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት በሲዲ 96 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ሸክላ 70 ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ ከመጠን በላይ ስለሚወላገድ ሲቀረጽ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፣ ከዚያ ማጫወቻው ገልብጦ ያስተካክለዋል። ደግሞ መርፌው ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥር በአንድ ዙር የሚያገኘው መንገድ ያጥራል፤ ለዚህ ነው በትልልቅ ሸክላዎች የመጨረሻው ዘፈን ከመጀመሪያው ደብዘዝ የሚለው። ብልህ አሳታሚ ለስለስ ያለውን ዘፈን መጨረሻ ላይ የሚያደርገውም ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ እያለ "ሙቀት አለው" ብሎ መከራከር ለእኔ ውኃ አይቋጥርም። ማስተር ቴፑ፣ ማለትም ዘፈኑ መጀመሪያ የተቀዳበት ቴፕ፣ በጠፋ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያኔ ሸክላው ራሱ ዋናው ቅጂ ይሆናል፤ ከእሱ የተሻለ ምንጭ ስለሌለ የተሻለ ድምፅ የሚባል ነገርም የለም። በአገራችን ሙዚቃ ይህ ብዙ ጊዜ የሚገጥም ጉዳይ ነውና ወደዚያው ልግባ።

በእኛ አገር የድምፅ ቅጂ ታሪክ የሚጀምረው በቤተ መንግሥት ነው። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ በድምፅ መልእክት ላከች። መልእክቱ የተቀዳው በሸክላ ሳይሆን ከሰም በተሠራ በርሜል መሰል ነገር ላይ ነበር። የንግሥቲቱ ድምፅ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ጠፋ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ የላኩት መልስ ግን ተቀምጦ ቆይቶ ዛሬም በለንደን ይገኛል። ነገሥታቱ ሁለት ናቸው፣ የተረፈው የአንደኛው ወገን ድምፅ ነው። ድምፅ የሚተርፈው ታላቅ ሰው ስለተናገረው ሳይሆን አንድ ሰው ሳይጥለው ስለቀረ ነው፤ ለሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት አላገኘሁም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ባለ ቅኔውና ማሲንቆ ተጫዋቹ፣ በ1908 ወደ ጀርመን ተልከው የመኪና ነገር ሲማሩ በርሊን ላይ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀዱ። በደቂቃ 78 የሚዞሩት የዚያ ዘመን ሸክላዎች ዋና ማጣበቂያቸው በህንድ ከሚገኝ ትንሽ ነፍሳት የሚወጣ ሙጫ ነበር፤ ከእጅ ከወደቁ እንደ ሳህን ይሰበራሉ። ከተሰበሩ በኋላ የሚያጣብቃቸው ስለሌለ ከዚያ ዘመን የተረፈውን ሁሉ እንደ ቅርስ ነው የማየው። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ዘመን የተዘፈነውን ዛሬ በጆሯችን የምንሰማው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቤት ለቤት ሲዞር ሳይሰበር በቀረ ዕቃ ምክንያት ነው።

አሁን ወደምወዳቸው ወደ 45ቶቹ እንምጣ። በ1948 በወጣ አዋጅ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ሙዚቀኞቹም አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ደመወዝተኞች። ሕዝቡ የሚወዳቸውን ዘፋኞች በሬዲዮና በመድረክ ይሰማ ነበር እንጂ ወደ ቤቱ ይዟቸው አይገባም ነበር። በ1969 ሃያዎቹን ያላጋመሰ የሚመስል ወጣት፣ አምኃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ይህን አጥር ዘለለው። ዘፋኙን አለማየሁ እሸቴን አስቀድቶ ቴፑን ወደ ህንድ ላከ፣ ታትሞ መጣ፣ ተሸጠ። የመጣበት ክስም ሳያስቆመው ቀጠለ። በኋላ ሥራው ወደ ሊባኖስ ዞረ። አምኃ ሬከርድስ በጥቂት ዓመታት ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን የሚጠጉ ትልልቆች አወጣ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ፊሊፕስም መጣ፤ ጥላሁን ገሠሠን የመሰሉ ትልልቅ ድምፆች በፊሊፕስ ታተሙ። ዓሊ ታንጎ እየተባሉ የሚታወቁት ዓሊ አብደላ ካይፋም ካይፋ ሬከርድስን ይዘው ገቡ።

ይህ ሁሉ ሩጫ አሥር ዓመት አልሞላም። ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ የታተሙት ትንንሽ ሸክላዎች ወደ 500 ገደማ፣ ትልልቆቹ ወደ 30 ገደማ ናቸው። ለአንድ አገር ሙዚቃ ይህ ትንሽ ነው፤ አንድ ትጉህ ሰብሳቢ ሁሉንም አገኛለሁ ብሎ ሊያስብ የሚችልበት ልክ ነው። ያገኘ ሰው ግን አላውቅም። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ ሰዓት እላፊው የሌሊት ክበቡን ዘጋው፤ አምኃ በ1975 ወደ አሜሪካ ወጣ። ሸክላውን የገደለው ግን አብዮቱ ብቻ ነው ማለት ትክክል አይመስለኝም። ካሴት መጣ። ካሴት እዚሁ ይባዛል፣ ቤይሩት አያስኬድም፣ ታክሲ ውስጥ ይሰማል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነጋዴዎቹ ራሳቸው ወደ ካሴት ዞሩ። ሸክላው ከቡፌው ላይ ተነሥቶ አልጋ ሥር ገባ፤ ማጫወቻው ሲበላሽ ጠጋኝ ጠፋ፤ ከዚያ ቆራሌው በደጅ እየተጣራ ሲያልፍ ከአሮጌ ጫማና ከባዶ ጠርሙስ ጋር ወጣ። ከቆራሌው ወደ ምናለሽ ተራ፣ ከምናለሽ ተራ ወደ ማን? አንዳንዱ ተሰነጣጥቆ ቀረ፣ አንዳንዱ መሐሉ ላይ የሰዓት እጆች ተሰክተውበት የካፌ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ይህን የግድግዳ ሰዓት ባየሁ ቁጥር ጠጋ ብዬ መሐሉን አነባለሁ። አስተናጋጁ ሰዓቱ ትክክል እንዳልሆነ ነግሮኝ ያውቃል።

በዚህ መሐል ፈረንሳይ አገር አንድ ሰው አንድ ሸክላ ሰማ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ አጋማሽ የማሕሙድ አሕመድን "እሬ መላ መላ" በወዳጁ ቤት ሰምቶ፣ ይህን የሚጫወቱት እነማን ናቸው ብሎ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ያ ሸክላ በ1986 በቤልጅየም በድጋሚ ታተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ "ኢትዮፒክስ" የተባለው ተከታታይ በፓሪስ መውጣት ጀመረ፤ ከ30 ጥራዝ በላይ ሄዷል። በዚያ በኩል የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገባ፤ ያ ፊልም በ2005 ሲወጣ ሙላቱ ለብዙ የምዕራብ ወጣት አዲስ ሙዚቀኛ ነበር። ጌታቸው መኩሪያ፣ ሳክስፎኑን እንደ ፉከራ ያስጮኽ የነበረው ታላቅ ሰው፣ በዚሁ ምክንያት ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር በስተርጅና አውሮፓን ዞረ። ከሸክላ አልፎ በካሴትም ይህ ሆኗል፤ የሙዚቀኛውን የኃይሉ መርጊያን አሮጌ ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ገዝቶ፣ ሰውየውን ፈልጎ ቢያገኘው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳል። ካሴቱ በ2013 በድጋሚ ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የግርማ በየነ ነገር ነው። በራሱ ድምፅ የቀዳቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው ስሙን አያውቅም። የቅንብሩን ባለቤት የሚፈልግ ሰው ግን ከአንዱ ሸክላ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ዘፋኝ ወደ ሌላው እየተሻገረ እሱን ያገኘዋል። ከስልሳ በላይ ዘፈኖችን አቀናብሯል። ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ አብሮ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዘመንም ከሙዚቃ ርቆ ነዳጅ ማደያ ሠራ። በ2017 አዲስ ሥራ ይዞ ሲመለስ ደግሞ የተቀበሉት ስሙን በአሮጌ ወረቀት ላይ ሲከተሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በስልክ ዘፈን ስንከፍት የዘፋኙ ስምና ፎቶ ይወጣል፤ ፒያኖውን ማን መታ፣ ማን አቀናበረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም። ሸክላ ሰብሳቢ ሁሉ ከዚህ የተነሣ ቀስ በቀስ ስም አንባቢ ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። አሜሪካዊው ሃሪ ስሚዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሰው የጣላቸውን ባለ 78 ሸክላዎች በርካሽ ሲሰበስብ ቆይቶ ከእነሱ ውስጥ 84ቱን መርጦ በ1952 አሳተመ። ዘፈኖቹ የተቀዱት ከሃያና ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ነበር፤ ዘፋኞቹ የሞቱ ይመስላቸው የነበሩ ወጣቶች ሸክላውን ሰምተው አንዳንዶቹን በሕይወት ፈልገው አገኟቸው። በኒው ዮርክ ብሮንክስ ደግሞ በ1973 ኩል ኸርክ የሚባል የጃማይካ ተወላጅ ወጣት ከሸክላዎች የከበሮውን ክፍል ብቻ እየነጠለ ማስጨፈር ያዘ፤ ሂፕ ሆፕ የሚባለው ከዚያ ነው የተነሣው። ኸርክ ዘፈኑ የማን እንደሆነ ተፎካካሪዎቹ እንዳያነቡበት መሐሉ ላይ ያለውን ወረቀት በውኃ ዘፍዝፎ ያነሣው ነበር። እኔ ስም የማነበው ሰው ይህን ስሰማ ቢያናድደኝም ብልሃቱን አደንቃለሁ።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነገር ልምጣ። የኢትዮጵያ ሸክላዎች ዛሬ ብዙዎቹ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በቶኪዮ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ዋጋቸው በመቶዎች ዩሮ የሚጠራ አለ፤ ከትልልቆቹ መካከል በሺዎች ዶላር የተሸጡም አሉ። ዘረፉን የሚል ሰው ሲመጣ እኔ እጠይቀዋለሁ፦ ቤትህ የነበሩት የት ሄዱ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ቆራሌው ነው። ሆኖም የሌላውም ወገን እጁ ንጹሕ አይደለም። የአንድ ሸክላን ዋጋ በስልኩ እያየ፣ የባለቤቲቱን አለማወቅ ተገን አድርጎ በሃምሳ ብር ይዞ የሚወጣ ሰው፣ ፈረንጅም ይሁን ሐበሻ፣ በትህትና ሰረቀ እንጂ ገዛ አልልም።

ለዚህ ጉዳይ እኔ የያዝኩት ልማድ አለ። ቤት ድረስ ተጠርቼ ከሄድኩ ትንሽ ማጫወቻ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሳልገዛ በፊት ለቤቱ ሰው አጫውታለሁ። አንድ ጊዜ ጉለሌ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ልጆቻቸው ዕቃ እየቀነሱ ነው። ጥግ ላይ ራዲዮግራሙ ቆሟል፣ ውስጡ ሸክላዎች ተደርድረዋል።

"እትዬ፣ ከመሸጥዎ በፊት አንዴ ይስሟቸው" አልኳቸው።

"ምን ያደርጉልኛል ልጄ? ማጫወቻው ዝም ካለ ስንት ዘመኑ። ይልቅ ቦታውን ልቀቅልኝ" አሉኝ።

ሁለቱን አሰማኋቸው፤ ቡና እያፈሉ ነበርና ቀና አላሉም። ሦስተኛው ሲጀምር ረከቦቱን ተዉት። "ይችን አትውሰዳት" አሉ። ለባለቤታቸው መታሰቢያ መስሎኝ አንገቴን ዝቅ ሳደርግ ሳቁ። "እሱማ አይወዳትም ነበር፤ እሱ ሥራ ሲሄድ ነው የማጫውታት። አሁን ማን ይከለክለኛል?" የቀሩትን ዋጋቸውን በየተራ ነግሬ ገዛኋቸው። ራዲዮግራሙን ከፍቼ ባየው የተበላሸው ሳህኑን የሚያዞረው የጎማ መንኮራኩር ብቻ ነበር፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ለሠራተኛ ሰጥተን ተለወጠ። ልጆቻቸው ራዲዮግራሙን ሊሸጡት ነበር፤ አልተሸጠም። በዚያ ቀን ትርፌ ትንሽ ነበር፤ ግን የአንድ ሸክላ ጭረት ከየት እንደመጣ ከባለቤቲቱ አፍ የሰማሁበት ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ታዋቂውን ስም አትሩጡበት፤ ዋጋው ሰማይ ነው፣ ደግሞም በሌላ መንገድ ታገኙታላችሁ። የማታውቁትን ግዙ። ባለ 45 ሸክላ ሁለት ዘፈን አለው፤ ሰው የገዛው ለአንደኛው ነው፣ ሌላው ጀርባው ላይ ተሸክሞት የሚመጣው ነው። ያ ጀርባ ብዙ ጊዜ ያልተለፈፈለት፣ ባንዱ የፈለገውን የሞከረበት ነው። በአሮጌ ሸክላ ፊቱ ደክሞ ጀርባው አዲስ ሆኖ ይገኛል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ገልብጦ ሳይሰማው የኖረውን እናንተ መጀመሪያ ትሰሙታላችሁ። ለእኔ ከመሰብሰብ ደስታዎች ትልቁ ይሄ ነው፤ ዋጋውም ከፊቱ ጋር አንድ ነው።

ማጫወቻ ስትገዙ ያች በሻንጣ መልክ የምትሸጠው ርካሽ መሣሪያ ታምራለች፤ ክንዷ ግን ከባድ ስለሆነ ለአሮጌ ሸክላ አልመክራትም። መጠነኛ የሆነ፣ የክንዱ ክብደት የሚስተካከል፣ መርፌው የሚለወጥ ይሁን። ለባለ 78ቱ ሌላ፣ ወፈር ያለ መርፌ ያስፈልጋል፤ ቦዩ በብዙ ይሰፋል፣ በቀጭኑ መርፌ ከሞከራችሁት ወለሉን እየጠረገ ይሄዳል።

አጠባ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል። ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ ጨርቁ ክቡን ተከትሎ ይሂድ እንጂ አይሻገረው፤ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት አይርጠብ። በመጨረሻ በተጣራ ውኃ ይለቅለቅ። ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ ይሆናል፤ ሲገዛ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። አልኮል ለፕላስቲኩ ሸክላ በጥቂቱ ቢነካው ችግር የለውም፤ ባለ 78ቱን ግን ያሟሟዋል። ይህን ሳያውቅ የነጋድራስ ተሰማን ዘመን ሸክላ በአልኮል የሚጠርግ ሰው ድምፁን ወደ ጨርቁ ያሻግረዋል።

አቀማመጥም እንደዚሁ። ሸክላ ይቆማል እንጂ አይነባበርም፤ ተነባብሮ ከተቀመጠ የታችኛው ይጣመማል። ከመስኮት ፀሐይና ከምድጃ ይራቅ። የጆንያው ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ጠላት በላስቲክ ተጠቅልሎ መቀመጥ ነው። ሸክላ ገዝተው ሳያጫውቱ የሚያስቀምጡ፣ ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ የራሳቸው ንብረት ነው፣ መብታቸው ነው። እኔ ግን ሰብሳቢ ብዬ አልጠራቸውም። በትክክለኛ መርፌ፣ ታጥቦ፣ በሥርዓት የተጫወተ ሸክላ ብዙ መቶ ጊዜ ቢሰማም ይቆያል።

ከማጫወቻው አጠገብ ያለው ሳጥን ውስጥ ሃያ ያህል 45ቶች አሉ። ስም ያለባቸውን መርጬ ነው ያመጣሁት። ቤታችሁ ሸክላ ያላችሁ፣ ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት አውጥታችሁ መሐሉን አንብቡ፤ ለመሸጥ ብታስቡ እንኳ ዋጋውን ከሁለት ሰው ጠይቁ፣ አንደኛው እኔ ባልሆን ይሻላል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ መርፌው ሥር የትኛው ሸክላ ይግባ የሚለውን ግን እኔ ነኝ የምወስነው።